ሪፖርት የተደረገ ፖስት ምን ይደረጋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው እንደፈለገ የሚጽፍበትና ፎቶ ቪዲዮ የሚለጥፍበት ሳይት ለምትጠቀሙም ለምታስተዳድሩም፣ ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

ሪፖርት ሳደርግ ፖስቱ ወዲያው ይጠፋል?

አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ሪፖርት የምትለዋን ስትነኩ ፖስቱ ወረፋ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ወይ ሰው ወይ ማሽን ወይ ሁለቱም አይተውት ከሳይቱ ህግ ጋር ያመሳክሩታል፣ ህግ ከጣሰ ይነሳል ካልጣሰ ባለበት ይቀመጣል። እናንተ የሰጣችሁት ጥቆማ ነው፣ ውሳኔው የሳይቱ ነው፣ ብዙ ሰው "ሪፖርት አድርጌ ምንም አላረጉም" ብሎ የሚናደደው እዚች ጋ ነው።

ደስ የማይል ነገር ሁሉ ደግሞ ህግ የጣሰ አይደለም። የማትስማሙበት አቋም፣ ቀሽም ቀልድ፣ የምትወዱትን ዘፋኝ የሚያጣጥል ኮሜንት ምናምን ላለማየት ብሎክ ወይ ሚዩት አለላችሁ። እሱ ለናንተ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ሪፖርት ግን ነገሩን ከሁሉም ሰው ፊት አንሱት ነው የሚለው፣ ስለዚህ ከፍ ያለ ምክንያት ይፈልጋል።

ሪፖርት ያደረግኩት ሰው እኔ መሆኔን ያውቃል?

ትልልቆቹ ሳይቶች ላይ በተለመደው ሪፖርት ስማችሁ አይነገረውም። ለየት የሚለው የኮፒራይት አቤቱታ ነው፣ እዛ ላይ "ስራው የኔ ነው" የሚለው ሰው ስሙን ማስቀመጥ ስላለበት ፖስት ላደረገው ሰው ሊደርሰው ይችላል። ትንንሽ ሳይት ላይ ደግሞ አድሚኖቹ ማን እንደጠቆመ የሚያዩበት ሶፍትዌር ብዙ ነው።

ስም ባይወጣም ግን የጻፋችሁት ነገር ራሱ ያጋልጣችኋል። "ትናንት በውስጥ መስመር የላከልኝ" የሚል ጥቆማ ከናንተ በቀር ማን ሊጽፍ ይችላል? አድሚን የሆናችሁ ደግሞ የጠቋሚውን ጽሁፍ ኮፒ አድርጋችሁ ለተጠቆመበት ሰው በጭራሽ እንዳትልኩ፣ የጣሰውን ህግ ብቻ ንገሩት በቃ።

ምን ብዬ ብጽፍ ነው ቶሎ የሚታይልኝ?

የኮሜንቱን ራሱን ሊንክ ስጡ፣ የሰውየውን ፔጅ አይደለም። "ይሄ ሰውዬ ባለጌ ነው አንድ በሉት" የሚል ሪፖርት ሲመጣ አድሚኑ የሰውየውን ፖስት ሁሉ ሲያገላብጥ ይውላል ወይ ደግሞ ጭራሽ ትቶት ያልፋል። "በዚህ ሊንክ ሶስተኛው መስመር ላይ የልጅቷን ስልክና የምትሰራበትን ቦታ ጽፎ ሄዳችሁ አግኟት ይላል፣ አሁን የማታውቃቸው ሰዎች እየደወሉላት ነው" ከተባለ ግን ማን ላይ ምን እንደደረሰ፣ የት እንዳለና ለምን እንደሚያስቸኩል በአንድ ንባብ ይገባል።

ምድቡንም አይታችሁ ምረጡ፣ ዛቻን ስፓም ብላችሁ ከላካችሁት ወደ ስፓም ወረፋ ነው የሚሄደው እና እዛ የሚያየው ሰው ሊንክና ማስታወቂያ እየፈለገ ነው። ሪፖርት ከማድረጋችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱ፣ ለጣፊው ራሱ ቀድሞ ሊያጠፋው ይችላልና። ከዚህ የሚወጣ አንድ ነገር አለ፣ የህጻናት ወሲባዊ ምስል፣ እሱን ታች እንመጣበታለን።

መቶ ሰው ሪፖርት ካደረገው ይጠፋል አይደል?

አይደለም፣ መሆንም የለበትም። ብዙ ሪፖርት ወረፋው ላይ ቀደም ብሎ እንዲታይ ሊያደርግ ይችላል እንጂ ህግ ያልጣሰን ፖስት ህግ የጣሰ አያደርገውም። ይሄን ሰው ማሳመን ከባድ ነው፣ "እኛ ይሄን ያህል ሰው ሆነን አመልክተን" ይላሉ፣ ግን ሪፖርት እንደ ምርጫ ድምጽ ከተቆጠረ ብዙ ደጋፊ ያለው ወገን ሌላውን ዝም ማሰኛ አገኘ ማለት ነው። አንዳንድ ሳይት "ይሄን ያህል ሪፖርት ሲገባ ራሱ ይደበቅ" የሚል ሴቲንግ አለው፣ ይቺን ያወቁ ቡድኖች በግሩፕ ተጠራርተው በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድን ሰው ያጠፉታል።

በተቃራኒው ደግሞ ሪፖርት አልመጣም ማለት ሰላም ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ውስጥ መስጊዶች ላይ የተፈጸመው ግድያ በፌስቡክ ላይቭ ሲተላለፍ በቀጥታ ያየው ከ200 ሰው በታች ነበር፣ እና ድርጅቱ እንደገለጸው እየተላለፈ ሳለ ሪፖርት ያደረገ አንድም ሰው አልነበረም፣ የመጀመሪያው ሪፖርት የመጣው ላይቩ ካለቀ ከ12 ደቂቃ በኋላ ነው። ከዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ፌስቡክ የቪዲዮውን 1.5 ሚሊዮን ኮፒ ከሳይቱ አነሳ፣ ከዚህ ውስጥ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ገና ሲጫን የታገደ ነው። እንግዲህ ቁጥር ብቻ የሚቆጥር ሲስተም እዛ ጋ ምንም አይረባም ነበር።

የራሴ ትንሽ ሳይት አለኝ፣ ሪፖርት ሲገባ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

በመጣበት ቅደም ተከተል አትስሩ። መጀመሪያ ርዕሳቸውን ብቻ አይታችሁ ለዩአቸው። የሰው ህይወት፣ ህጻን፣ ያለፈቃድ የወጣ የራቁት ፎቶ፣ የሰው አድራሻና ስልክ፣ እነዚህ ሁሌም ከላይ ናቸው፣ ምክንያቱም በየደቂቃው ጉዳቱ ይጨምራል። ቀጥሎ ዛቻ፣ የጥላቻ ንግግር፣ ገንዘብ የሚያስበላ ማጭበርበር። ስድብ፣ ስፓም፣ "ርዕሱ የሱ ቦታ አይደለም" የሚሉት ለነገ ቢያድሩ ማንም አይሞትም።

ከዛ ሪፖርት የተደረገውን ነጥላችሁ አትዩት፣ ሙሉ ንግግሩን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡ። በጣም የሚገርም ነው፣ ብዙ ጊዜ ሪፖርት የተደረገው መልሱ ነው፣ መጀመሪያ የነካካው ሰው አምስት ኮሜንት ከፍ ብሎ ቁጭ ብሏል፣ አንዳንዴ እንደውም ሪፖርት ያደረገው ራሱ ነው። ፖስቱ ኤዲት ተደርጎ ከሆነ የቀድሞውን ለማየት ሞክሩ፣ ሰው ሪፖርት እንደተደረገበት ሲጠረጥር ስድቡን አጥፍቶ "ሰላም ለሁላችሁ" ብሎ ይተካዋል፣ ከዛ ጠቋሚው ውሸታም ይመስላል።

ውሳኔ ላይ ስትደርሱ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፣ የትኛውን የተጻፈ ህግ ነው የጣሰው? የህጉን መስመር በጣታችሁ ማሳየት ካልቻላችሁ አታጥፉ። ፖስቱ በጣም አስጠልቷችሁ ህጉ ግን የማይነካው ከሆነ ህጉ ጎደሎ ነው ማለት ነው፣ ህጉን አሻሽላችሁ አሳውቁና ከዛ በኋላ ለሚመጣው ተጠቀሙበት። ያያችሁትንም የሆነ ቦታ መዝግቡ፣ ቀን፣ ሊንክ፣ የተጣሰው ህግ፣ የተወሰነው፣ የወሰነው ሰው። ተራ ሰንጠረዥ ይበቃል። ሰውየው ከወራት በኋላ "ለምን አነሳችሁብኝ" ብሎ ሲመጣ ማንም አያስታውስም።

በስንት ሰዓት ውስጥ ነው መልስ መስጠት ያለብኝ?

ሳይቱና ተጠቃሚው ያሉበት አገር ህግ ይወስነዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የጀርመን ህግ ትልልቅ ማህበራዊ ሚዲያዎች ህገወጥነቱ ግልጽ የሆነን ነገር አቤቱታ በደረሳቸው በ24 ሰዓት፣ ሌላውን ህገወጥ በአብዛኛው በ7 ቀን እንዲያነሱ ያዝ ነበር፣ አሁን ቦታውን በአብዛኛው የአውሮፓ ህብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ህግ ተክቶታል፣ እሱ ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሙሉ ለሙሉ ይሰራል። የህብረቱ ህግ የሰዓት ቁጥር ከማስቀመጥ ይልቅ ሳይዘገይ፣ በጥንቃቄና ያለአድልዎ ታይቶ ይወሰን ነው የሚለው፣ ይሄ ግዴታ ደግሞ የሰው ይዘት የሚያስቀምጡ ትንንሾቹንም ይነካል። አሜሪካ ውስጥ በ2025 የወጣው ህግ ያለፈቃድ የተለቀቀ የራቁት ምስል፣ በኤአይ የተሰራ ቢሆንም እንኳ፣ ትክክለኛ ጥያቄ በደረሰ በ48 ሰዓት ይነሳ ይላል።

ህግ ባያስገድዳችሁም ሪፖርት ላደረገው ሰው "ደርሶናል፣ እያየነው ነው" የሚል መልስ በራሱ እንዲሄድ አድርጉ። ሰው ዝም ሲባል ነው ያንኑ ነገር አስር ጊዜ የሚልከው።

ማጥፋት ይሻላል ወይስ መደበቅ?

እርግጠኛ እስክትሆኑ መደበቅ። የተደበቀን መመለስ ይቻላል፣ የጠፋን አይቻልም፣ ፖሊስ ወይ ፍርድ ቤት ቢጠይቅም ማስረጃው እጃችሁ ላይ አለ። ከሁለቱ መሃል ደግሞ ብዙ አማራጭ አለ፣ ማስጠንቀቂያ ለጥፎ መተው፣ ፎቶውን ማደብዘዝ፣ ኮሜንት መዝጋት፣ ሰውየውን ለተወሰነ ጊዜ እንዳይጽፍ ማድረግ። አካውንት ባን ማድረግ የመጨረሻው ነው፣ ስፓም ብቻ የሚለቁትን ግን ያለ ብዙ ሃሳብ አሰናብቱ።

ለሁለቱ ወገኖች ምን ብዬ ልጻፍላቸው?

አጭር፣ የተለየ፣ ያለ ምክር። ለለጣፊው ለምሳሌ "ማክሰኞ የጻፍከው ኮሜንት ተነስቷል፣ ምክንያቱ የሰው ስልክ ቁጥር ያለፈቃድ መለጠፍ ስለሚከለከል ነው (ህግ 4)፣ ቁጥሩን አውጥተህ ሃሳብህን እንደገና መጻፍ ትችላለህ፣ ካልተስማማህ በዚህ ሊንክ ይግባኝ በል።" አለቀ። "የማህበረሰባችንን መመሪያ ጥሰዋል" የምትለዋ ባዶ መልእክት የሰው ደም ታፈላለች፣ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ነገም ይደግመዋል። የአውሮፓው ህግ ላይም ለተጠቃሚው ምክንያቱን ግልጽ አድርጎ መንገር፣ ውሳኔው ላይ ማሽን ገብቶበት ከሆነ ያንንም መግለጽ ግዴታ ነው።

ለጠቋሚው ደግሞ ባታነሱትም ንገሩት። "አየነው፣ ጠንከር ያለ ትችት ነው ግን ዛቻ የለበትም፣ ስለዚህ አላነሳነውም፣ ማየት ካልፈለክ ብሎክ ማድረግ ትችላለህ" ቢባል ባይደሰትም ይገባዋል። በሰውየው ላይ ምን ቅጣት እንደጣላችሁ ግን ለጠቋሚው መዘርዘር አያስፈልግም።

የራቁት ፎቶዬን ያለፈቃዴ ለቀውብኛል፣ አንድ በአንድ ሪፖርት ማድረግ ብቻ ነው መፍትሄው?

አይደለም። ስቶፕኤንሲአይአይ የሚባል በ2021 ስራ የጀመረ ነጻ አገልግሎት አለ፣ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። ፎቶው ከስልካችሁ ሳይወጣ እዛው ላይ ሃሽ የሚባል የቁጥር አሻራ ይወጣለታል፣ አሻራው ብቻ ለተባባሪ ሳይቶች ይላካል፣ እነሱ ያው ምስል ሲጫን ይለዩታል። ምስሉ ላይ ያለው ሰው ያኔ ከ18 በታች ከነበረ ደግሞ የአሜሪካው የጠፉና የተበደሉ ህጻናት ማዕከል ቴክ ኢት ዳውን የሚል ተመሳሳይ አገልግሎት አለው። ሪፖርቱንም ጎን ለጎን አድርጉ፣ ምድቡ ላይ "ራቁትነት" ብቻ ከምትሉ "ያለፈቃድ የተለቀቀ" የሚለውን ፈልጉ፣ ወረፋው ይለያያል።

አድሚን ከሆናችሁ እንዲህ አይነት ሪፖርት ሲመጣ ቀድማችሁ ደብቁ ከዛ አጣሩ። ተጎጂውን "እርስዎ መሆንዎን በምን እናውቃለን፣ ሌላ ፎቶ ይላኩ" ብሎ ማስጨነቅ በጣም ነውር ነው። ተሳስታችሁ ከሆነ የደበቃችሁትን ትመልሳላችሁ፣ በቃ።

የህጻናት ወሲባዊ ጥቃት ምስል ቢገጥመኝስ?

ስክሪንሾት አታንሱ፣ አታውርዱ፣ "ኧረ እዩ" ብላችሁ ለማንም ፎርዋርድ አታድርጉ፣ ለማጋለጥ ብላችሁም ቢሆን። በብዙ አገር መያዝም ማሰራጨትም በራሱ ወንጀል ነው፣ ሃሳባችሁ ጥሩ ነበር ማለት አያድናችሁም። ሊንኩን ብቻ ይዛችሁ ለሳይቱና ለፖሊስ ወይ በአገራችሁ ላለው የጥቆማ መስመር ስጡ።

የሳይት ባለቤት ከሆናችሁ ከህዝብ እይታ ወዲያው አውጡት ግን መረጃውን ሁሉ ደምስሳችሁ አትገላገሉ፣ አሜሪካ ላይ ያሉ አገልግሎት ሰጪዎች ከላይ ለጠቀስነው የህጻናት ማዕከል ሳይበርቲፕላይን በሚባለው የጥቆማ መስመሩ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው፣ በ2024 በወጣ ህግ ደግሞ ያሳወቁትን መረጃ ለ1 ዓመት አስቀምጡ ተብለዋል። ሌላ አገር ያለ ሳይት ህጉ ስለሚለያይ ቀድማችሁ፣ ነገሩ ሳይመጣ፣ ለማን እንደሚደወል ጽፋችሁ አስቀምጡ። የታወቁ ምስሎችን ገና ሲጫኑ የሚለይ ፎቶዲኤንኤ የሚባል ቴክኖሎጂ ከ2009 ጀምሮ አለ፣ ማይክሮሶፍት ከዳርትማውዝ ኮሌጅ ጋር ነው ያበለጸገው።

ራሱን ሊያጠፋ እንዳሰበ የጻፈ ሰው ሪፖርት ቢደረግ ላጥፋው?

ዝም ብሎ አጥፍቶ ባን ማድረግ ከሁሉም የከፋው ነው፣ ሰውየው የሰማኝ የለም ብሎ እያሰበ ጭራሽ በር ተዘጋበት ማለት ነው። ራስን የመጉዳት ዘዴ የሚዘረዝር ነገር ካለበት ያንን ከሌላ ሰው እይታ ደብቁ፣ ለሰውየው ግን በሰው ቋንቋ ጻፉለት፣ እሱ ባለበት አገር ያለ የእርዳታ ስልክም ስጡት። ሰዓት፣ ቦታ፣ ስንብት ከጠቀሰ ግን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ አደጋ አገልግሎት ነው የሚኬደው፣ እዛ ላይ ስብሰባ የለም።

የኮፒራይት አቤቱታስ እንደ ሌላው ሪፖርት ነው?

የራሱ መንገድ አለው። ከ1998 ጀምሮ ባለው የአሜሪካ ህግ ባለመብቱ ማንነቱን፣ ስራውንና ሊንኩን ገልጾ ፈርሞ ሲያመለክት ሳይቱ በፍጥነት ያነሳል፣ ለለጣፊው ያሳውቃል፣ ለጣፊው "ስህተት ነው" ብሎ ተቃውሞ ካስገባ አመልካቹ ክስ ካልመሰረተ በቀር ከ10 እስከ 14 የስራ ቀን ውስጥ ይመለስለታል። ይሄን መንገድ ትችት ለማስነሳት የሚጠቀሙበት አሉ፣ ስራው የራሳቸው ሳይሆን ሰው ስለነሱ የጻፈው ነው የሚያናድዳቸው፣ አውቆ የሐሰት አቤቱታ ማቅረብ ግን በዛው ህግ ካሳ ያስከፍላል።

ሪፖርትን መሳሪያ ያደረጉ ሰዎችን ምን ላድርጋቸው?

ምልክቱ ይታያል፣ ብዙ ሪፖርት በአጭር ጊዜ፣ ጽሁፉ ቃል በቃል አንድ አይነት፣ አካውንቶቹ ሰሞኑን የተከፈቱ፣ ኢላማው አንድ ሰው። እንደዛ ሲሆን ሁሉንም ወደ አንድ አሰባስባችሁ አንዴ ወስኑበት፣ ራሱ የሚደብቀውን ሴቲንግ ለዛ ሰው ለጊዜው አጥፉት። ሆን ብሎ የሚደጋግመውን መጀመሪያ አስጠንቅቁ፣ ከቀጠለ ሪፖርቱን ለጊዜው አትቀበሉት፣ የአውሮፓው ህግም ከማስጠንቀቂያ በኋላ እንደዚህ አድርጉ ነው የሚለው። ግን ተጠንቀቁ፣ ብዙ ሪፖርት የሚያደርግ ሁሉ ነገረኛ አይደለም፣ በየቀኑ የሚሰደብ ሰው በየቀኑ ነው የሚያመለክተው።

ለምን ኤአይ ሁሉንም አይጨርሰውም?

የታወቀን ምስል መልሶ ለመለየትና ስፓም ለማጥራት በጣም ጎበዝ ነው። ዐውድ ላይ ነው የሚወድቀው። በ2017 ዩትዩብ ጽንፈኛ ቪዲዮዎችን እንዲለይ ያስገባው ሲስተም የሶሪያን ጦርነት ግፍ ለመመዝገብ የተቀረጹ ብዙ ቪዲዮዎችንም አብሮ ጠረገ፣ ማስረጃና ፕሮፓጋንዳ ከውጭ ሲያዩት ይመሳሰላላ። ሰውም ቢሆን አይድንም ደግሞ፣ በ2016 ፌስቡክ በ1972 የተነሳውን ናፓልም ከሚባል የሚያቃጥል ቦምብ የምትሸሽ የቬትናም ልጅ ፎቶ "ራቁት ህጻን" ብሎ አነሳው፣ የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር የለጠፉትን ሳይቀር፣ ከብዙ ጩኸት በኋላ ነው የመለሰው። ስለዚህ ማሽኑ ይለይ፣ ያስቀድም፣ ከበድ ያለው ውሳኔ ግን ሰው ጋ ይሂድ።

የማላነበው ቋንቋ ላይ ሪፖርት ቢመጣስ?

የትርጉም መሳሪያ ምን ርዕስ እንደሆነ ይነግራችኋል እንጂ ስድብ ይሁን በጓደኛሞች መሃል ያለ ቀልድ አይነግራችሁም፣ ቅኔ ለበስ ዛቻማ ጭራሽ ተራ አባባል ሆኖ ነው የሚወጣው። ቋንቋውን አፍ የፈታበት ሰው ፈልጉ፣ ጉዳዩ ሁለት ወገን የሚያጣላ ከሆነ ከሁለቱም በኩል ሁለት ሰው ለየብቻ ጠይቁና መልሳቸውን አስተያዩ። ማንም ካልተገኘና አደገኛ ከመሰለ ደብቃችሁ አቆዩት፣ የዛን ቋንቋ ተናጋሪ የሚያይላችሁ ሰው ሳይኖር ለቋንቋው የተለየ ክፍል ባትከፍቱ ደግሞ ይመረጣል።

ይሄን ሁሉ መጥፎ ነገር የሚያየው ሰው አይታመምም ወይ?

ይታመማል። በ2020 ፌስቡክ አሜሪካ ውስጥ ይዘት ሲያጣሩ ለነበሩ ሰራተኞች በደረሰባቸው የአእምሮ ጉዳት በቀረበ ክስ 52 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በትንሽ ሳይትም ቢሆን ቪዲዮውን ድምጹን አጥፍታችሁ፣ አሳንሳችሁ፣ በጥቁርና ነጭ እዩት፣ ለመወሰን ከበቃችሁ እስከመጨረሻው ማየት ግዴታ አይደለም። ከመተኛታችሁ በፊት ወረፋ አትክፈቱ፣ ከባዱንም ለአንድ ሰው ብቻ አትጫኑበት።

ሪፖርት የተደረገው አድሚኑ ራሱ ወይ የአድሚኑ ጓደኛ ቢሆንስ?

የነገሩ ባለቤት ከውሳኔው ይውጣ፣ ሌላ አድሚን ይየው፣ ይግባኙንም መጀመሪያ የወሰነው ሰው አይመልከተው። ብቻችሁን የምታስተዳድሩ ከሆነ በሳይቱ የሚታመኑ አንድ ሁለት ሰዎችን ቀድማችሁ ለእንዲህ ያለ ቀን ለምኑ፣ የእለት ስራ ሳትሰጧቸው እንዲህ አይነቱ ሲመጣ ብቻ የሚጠሩ። ብዙ ቦታ ችግሩ ግን ከዛ በፊት ነው፣ ሪፖርቱ ለሁሉም አድሚን ስለሚታይ የተጠቆመበት ሰው ማን እንደጠቆመው ያያል፣ ሰውም ይሄን ስለሚያውቅ አይጠቁምም። ሶፍትዌራችሁ ሪፖርቱን ከተጠቆመበት አድሚን መሸሸግ ከቻለ እሱን አብሩት፣ ካልቻለ አድሚንን ለመጠቆም ብቻ የሚሆን ሌላ ኢሜይል ክፈቱና እዛው ሪፖርት የሚለው በተን ስር ጻፉት፣ ማን እንደሚያነበውም ጭምር።